ትርፍ ኪሎ የተገኘበት ኮንቴይነር

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከወደቡ ነው። ወደቡ እንዲህ አደረገን፣ ወደቡ እንዲያ አለን እያልኩ። እዚህ ግን የምጽፈው እውነቱን ነውና ከራሴ ልጀምር።

ሙና እባላለሁ። የመቱ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐጂ ነስሩ ከያዮና ከኖፓ ገበሬዎች የጫካ ቡና እየገዛ ለአዲስ አበባ ላኪዎች ሲያስረክብ ነው የኖረው። ነገሩ የሆነው እንደ አባቴ ያሉ አቅራቢዎች በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ትችላላችሁ ከተባሉ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሎጂስቲክስ ተምሬ ተመልሻለሁ፣ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ቀን ካላሳየሁ የሚል ጥድፊያ ይዞኛል።

ወደብ እወድ ነበር። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ወደብ ግን እወዳለሁ። ጓደኞቼ የሠርግ ቪዲዮ ሲያዩ እኔ ክሬን ኮንቴይነር ሲያነሳ አያለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ብረት ልታገባ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው ደረቅ ወደብ አሠራሩን ሲቀይርማ ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። ድሮ የኛ አገር ሹፌር ጭነት ይዞ ይሄድና በር ላይ ተሰልፎ ቀን ይቆጥራል። በአዲሱ አሠራር የጭነቱ መረጃ ቀድሞ በኮምፒውተር ይላካል፣ መኪናው ቀጠሮ ይያዝለታል፣ በሰዓቱ ደርሶ የመኪና ሚዛን ላይ ይወጣል። የሚዛኑ ቁጥር ከተላከው መረጃ ጋር ከገጠመ በደቂቃዎች ውስጥ ገብቶ ያራግፋል፤ ኮንቴይነሩም ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ መርከቡ ይሄዳል። ካልገጠመስ የሚለውን ክፍል አንብቤ አልፌዋለሁ። እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

አባቴን ለማሳመን ወር ሙሉ ጨቀጨቅኩት። በኔ ዕቅድ ኮንቴይነሩ ባዶውን መቱ ድረስ ይመጣል፣ ናሙናው ቀድሞ ተመርምሮ ስላለፈ ቡናው መጋዘናችን በር ላይ ይጫናል፣ እዚያው ይታሸጋል፣ ገዢው አገር እስኪደርስ ማንም አይከፍተውም። አዲስ አበባ ላይ ማውረድ፣ እንደገና መጫን፣ ጆንያ መቅደድ የለም። አባቴ በመጨረሻ «እሺ፣ ያልሽው ይሁን» አለኝ። በኤሌክትሮኒክ ሚዛን እያንዳንዱ ጆንያ ልክ ስድሳ ኪሎ ሆኖ ተመዘነ፤ ሦስት መቶ ሃያ ጆንያ። እኔ እነዚያን ቀናት ወረቀት ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ ስሮጥ ስለነበር መጋዘኑን ለአባቴና የጆንያውን አፍ ለሚሰፉት ሴቶች ትቼ ነው የዋልኩት።

ሹፌራችን ጋሼ ዋቅጅራ ነበሩ። እኔ አንደኛ ክፍል ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የአባቴን ቡና የሚጭኑ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከነሻንጣዬ ጅማ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ አልቅሼ ነበር፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሙዝ እየላጡ ይሰጡኝ ነበር። ማክሰኞ ማታ ከመቱ ተነሱ። ረቡዕ በደሌ ላይ ስልካቸው ለአምስት ሰዓት ያህል ዝግ ሆነብኝ። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ እኔና አላህ ነን የምናውቀው። ሲከፈት «ደህና ነኝ፣ ተኝቼ ነበር» አሉኝ። ነገሩ አልጣመኝም።

ቀጠሯችን ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ሙኒ።»

«ጋሼ ዋቅጅራ! ገቡ?»

«አልገባሁም። ከሚዛኑ አውርደው ወደ ጎን አቁመውኛል። ቁልፌን ወስደዋል።»

«ለምን?»

«ከብዷል ይላሉ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ። ይኸው፣ እሷን አነጋግሪያት።»

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ድምፅዋ ትሑት ነው፣ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ወይዘሪት ሙና፣ የበሩ ተረኛ ኃላፊ ነኝ። ከላካችሁት ክብደት በላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ገደማ ትርፍ አግኝተናል።»

«ትርፍ? ጎድሎ ነው የሚሉኝ?»

«የለም፣ ትርፍ ነው። ሁለት ጊዜ መዝነናል። የባዶ መኪናውንም ክብደት እናውቀዋለን። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያልጻፋችሁት ነገር አለ።»

«ማሸጊያው ተነክቷል?»

«ሲታይ ደህና ነው። ሲታይ ደህና ሆኖ ሌላ ነገር የተገኘበትም ገጥሞናል። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነኝ። እስከዚያ ትርፉ ምን እንደሆነ በማስረጃ ካላሳያችሁኝ ኮንቴይነሩ ወደ ፍተሻ ይሄዳል፣ ሹፌሩን ደግሞ ለፖሊስ አስረክባለሁ። መርከቡም አይጠብቃችሁም።»

እሷ ቀጠለች፤ «ሹፌሩን በደንብ ያውቁታል?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። «አዎ» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያድነው ራሱን ነው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «ግን… በዚህ ዘመን ማን ይታመናል? ትናንት በደሌ ላይ አምስት ሰዓት ሙሉ ስልካቸው ዝግ ነበር። የት እንደነበሩ አላውቅም።»

በስልኩ ውስጥ የሰው ሳል ሰማሁ። አሳሳሉን አወቅኩት። ስልኩ የሳቸው ስልክ ነው፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ከፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ኃላፊዋ «መዝግቤዋለሁ» አለችና ዘጋች።

መጀመሪያ ጆንያ ስንቆጥር ተሳስተን ይሆናል ብዬ የቆጠራውን ወረቀት አወጣሁ። ያዘጋጀነው ሦስት መቶ ሃያ አራት ነው፣ የተጫነው ሦስት መቶ ሃያ፣ መጋዘን ውስጥ የቀሩት አራት። በአንድም ጆንያ አልተሳሳትንም። ስለዚህ ትርፉ ከኛ አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ነው የተጨመረው፤ ስለዚህ እሳቸው ናቸው። አእምሮዬ ደጋግሞ በዚህ መንገድ ይሄድና እዚያው ሰው ላይ ይቆማል። ሙዝ የላጡልኝ እጃቸው ትዝ ይለኝና ደግሞ ራሴን እጠላለሁ።

አባቴ አምስት ሰዓት ላይ የሙስባሃውን ፍሬ እየቆጠረ መጣ።

«ገባ?»

«ወረቀት ላይ ትንሽ ነገር አለች አባ። ትፈታለች።»

ደም ግፊት አለበት፣ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ሌላም ነበረበት፤ ያ ሁሉ የዘመናዊ ወደብ ሰበካዬ ከንቱ ሆኖ እንዲያይ አልፈለግኩም። መጋዘኑ በር ላይ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራኝ፣ ስለ ያዮ መንገድ አወራኝ። «እም» እያልኩ ስልኬን አየዋለሁ። የጋሼ ዋቅጅራ ባለቤት ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። እኔ ምግብ አልበላ፣ መቀመጥ አልችል፣ መጋዘኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይኔ በቀሩት አራት ጆንያዎች ላይ አረፈ። ምናልባት ሚዛናችን ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አንዱን ጎትቼ አወጣሁት። ስድሳ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሁለተኛውን፤ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እንዲያው ነው። ሚዛኑን ተጠራጥሬ ራሴ ወጣሁበት። ሁልጊዜ የሚለኝን ነው ያለኝ፣ ደስ ባይለኝም።

ጠመኔ አንስቼ ግድግዳው ላይ አባዛሁ። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ በሦስት መቶ ሃያ። ሦስት መቶ ሰማንያ አራት። ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።

«አዴ ጫልቱ!» ብዬ ጮህኩ። የጆንያ አፍ ከሚሰፉት ሴቶች ትልቋ ናቸው፤ ግቢ ውስጥ ቡና ይለቅማሉ። እጃቸውን እያራገፉ መጡ።

«አዴ ጫልቱ፣ ከሚዛን ከወረደ በኋላ ጆንያው ውስጥ የጨመራችሁት ነገር አለ?»

«ምርቃቱን ነዋ!» አሉ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት።

«የምን ምርቃት?»

«ኤዬ! የሐጂ ልጅ ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል? ከሚዛን ይወርዳል፣ አንድ ጣሳ ምርቃት ይደረግበታል፣ ይሰፋል። ድሮም እንዲሁ ነው። ይኸውልሽ» ብለው ከመስኮቱ ጥግ ጣሳዋን አነሱ። ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ናት። «አንቺ የለሽም ነበር እንጂ አባትሽ ራሳቸው ቆመው እያንዳንዱን አስደርገዋል።»

ምርቃት የማያውቅ የገበያ ሰው የለም። ሽንኩርት ስትገዙ ከሚዛኑ በላይ የምትወረወርላችሁ ናት። እኔም ስጠይቃት ነው ያደግሁት። ቡና ላይ፣ ያውም ወደ ውጭ በሚሄድ ቡና ላይ ግን በሕልሜም አልመጣብኝም።

ሮጥኩ። አባቴን ከመስጊድ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት።

«አባ፣ ከሚዛን በኋላ ጣሳ ጣሳ ጨምረሃል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይሄ ደግሞ የሚነገር ነገር ነው?» አለ ተገርሞ። «ቡና መንገድ ላይ ይደርቃል። ሲያወርዱት ሲጭኑት በመንጠቆ ይቀደዳል። ናሙና እያሉ ይወጉታል። የሰው አገር ደርሶ ቢጎድል የማን ስም ነው የሚጠፋው?»

«አባ፣ ይሄኛው እኮ ታሽጓል! አይወርድም፣ አይቀደድም!»

«ታዲያ ቢተርፍስ? አበዛህልኝ ብሎ የሚከስ አለ?»

«ጋሼ ዋቅጅራን ይዘዋቸዋል» አልኩት። «ያልተጻፈ ዕቃ ጭነሃል ብለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለፖሊስ ሊሰጧቸው ነው።»

ሙስባሃው ቆመ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከአራት።»

«አሁን ወደ ስምንት እየሄደ ነው። አጠገቤ ተቀምጠሽ ስለ ዝናብ ስታስወሪኝ ዋልሽ?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ስለ ዋቅጅራ ሲጠይቁሽስ ምን አልሻቸው?»

ፊቴን አይቶ መልሱን አገኘው መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ኃላፊዋ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኳት። «ይህን በስልክ ላምን አልችልም» አለች። «አራቱን ጆንያ በየተራ ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ጣሳውንም። ትክክለኛው ክብደት የተጻፈበት፣ የተፈረመና ማኅተም ያለው ደብዳቤም ይኑር። እሱ ከደረሰኝ በር ላይ ያሉትን ጥቂት ጆንያዎች አውጥቼ እመዝናለሁ። ከዘጠኝ በኋላ ግን እኔ የለሁም፣ የሚመጣው ሰው ታሪኩን አያውቅም።»

ፎቶው ቀላል ነበር። ደብዳቤውን በእጄ ጻፍኩት፤ መብራት ስለጠፋ የሚታተምበት ነገር የለም። ማኅተሙ ገበያ ውስጥ ሱቃችን ነው። ባጃጅ ይዘን በረርን። አባቴ ጣሳዋን እቅፉ ላይ አድርጓታል፤ ለምን እንደያዛት እሱም አያውቅም። ማኅተም አደረግን፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ላክሁት። አይሄድም። ኔትወርኩ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል። ባጃጅ ነጂው «ወደ ላይ ወጣ ካልን ይይዛል» አለና ወደ ኮረብታው ሰፈር ይዞን ወጣ። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት። ስልኬ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። አንድ ፎቶ ሄደ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ቆመ። ስልኩን ከፍ አድርጌ መንገድ መሃል ቆሜ ሳለሁ ሰዎች እያዩኝ ያልፋሉ። ማልቀስ ጀመርኩ። ስለ ቡናው አልነበረም፣ መርከቡም ትዝ አላለኝም። ጋሼ ዋቅጅራ እጃቸውን ተይዘው ሲወጡ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ የመጨረሻ የሰሙትም ቃል የኔ እንደሆነ።

ስምንት ከሠላሳ አምስት ላይ የመጨረሻው ፎቶ ሄደ። ወዲያው ደወለች።

«አይቼዋለሁ። ግን ምክንያት በሚለው ቦታ ምን ብዬ ልጻፍ?»

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «ልጄ» አላት፣ «ሐጂ ነስሩ ነኝ፣ የቡናው ባለቤት። ምርቃት ነው።»

«አባባ፣ ቅጹ ላይ ምርቃት የሚል ቦታ የለንም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጻፊ። ያንን ሰው ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ያልሰጠሁትን አንዲት ፍሬ አይነካም፤ ለሱ እኔ እታሰራለሁ። ቁልፉን መልሺለት።»

እሷ ሚዛኑ ይወስናል አለች። ጠበቅን። ባጃጁ ጥላ ሥር ቆመን ሰዓት እናያለን። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ። አሥር ጆንያ አውጥታ መዝናለች፤ ሁሉም ስድሳ አንድ ከሁለት መቶ አካባቢ ናቸው። ክብደቱ ይስተካከላል፣ ኮንቴይነሩ እንደገና ይታሸጋል፣ ቀጠሮው ስለተቃጠለ ነገ ጠዋት ሌላ ይያዝላችኋል፣ መርከቡ ላይም ትደርሳላችሁ አለችኝ። «ሹፌሩን ያገናኙኝ» ብዬ ለመንኳት።

«ጋሼ ዋቅጅራ…»

«ቶሌ» አሉ፣ እሺ እንደማለት፤ «ቁልፌን ሰጥተውኛል።» ሌላ ነገር ሳልናገር ስልኩ ተዘጋ።

እሑድ መቱ ሲገቡ አባቴ ከከተማው መግቢያ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። አንገቱን ደፍቶ «በኔ ጣሳ ነው የተዋረድከው» ሲላቸው አቀፉት፣ ሳቁም። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ። እጄን ጨብጠው «ምንም አይደል» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፤ «በደሌ ላይ ስልኬን የዘጋሁት ልተኛ ብዬ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ሲደውሉልኝ እንዴት ይተኛል?» አሉ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ያን ቀን «እርስዎ» አሉኝ። እስከ ዛሬም አልመለሱትም።

አንባቢዎቼ፣ ወደብ አሁንም እወዳለሁ። ወደቡ አላጠፋም። ያ ሁሉ ፍጥነት የሚመጣው በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ከሩቅ የተላከላቸውን ወረቀት ስለሚያምኑ ነው፤ ወረቀቱ እውነት የሚሆነው ወይም የሚበላሸው ደግሞ መቱ ውስጥ፣ አንዲት ሴት መርፌ ይዛ ጆንያ በምትሰፋበት ቦታ ነው። እኔ ያንን ሁሉ ለአባቴ ስሰብክ አዴ ጫልቱን ቁጭ አድርጌ «ከሚዛን በኋላ ምንም አይጨመርም፣ ምክንያቱም…» ብዬ አላስረዳኋቸውም። እንዲህ ያለ ነገር የሚነገራቸው ሰው አድርጌ አልቆጠርኳቸውም። የአባቴ ጣሳም ሞኝነት አልነበረችም፤ ለሚቀደደውና ለሚፈሰው ለአሮጌው መንገድ የተሠራች ነበረች፣ መንገዱ እንደተለወጠ የነገራት የለም። አሁን ምርቃቱ አልቀረም፣ አባቴ በሕይወት እያለም አይቀርም። ግን የሚጨመረው ከሚዛን በፊት ነው፣ ወረቀቱም ላይ ይጻፋል። ገዢዎቹ ነገሩን ሲያውቁ ወደዱት። እስካሁን በር ላይ አንድም ቀን ቆመን አናውቅም።

የሰውን ነገር ግን እንደዚያ ማስተካከል አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ጭነት ቀን ኮንቴይነሩ ታሽጎ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ፣ «መልካም መንገድ» ብዬ ዞር ስል ጋሼ ዋቅጅራ የመኪናውን በር ከፍተው መሬት ላይ ቆመዋል።

«ይፈትሹ» አሉኝ።

«ጋሼ ዋቅጅራ፣ በአላህ!»

«ይፈትሹ እንጂ። ካልፈተሹ አልነሳም።»

ቁጣ የለባቸውም። እንደ ተራ ሥራ ነው የተናገሩት። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ወጣሁ፣ የወንበሩን ሥር አየሁ፣ የልብስ ቦርሳቸውን ከፈትኩ፤ አንድ ሸሚዝ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ። ወረድኩ። ይህ ከሆነ ብዙ ጭነት አልፏል፤ በእያንዳንዱ እፈትሻቸዋለሁ። አባቴ ለምኗቸዋል፣ እኔ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ፤ «ለሁላችንም ይሻላል» ይላሉ። ባለፈው ሳምንትም ከመኪናው ወርጄ «ምንም የለም» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ያኔ ነው ሞተሩን ያስነሱት።